ኅብረት ሲፈርስ የሐኪሙ ፊርማ ምን ይሆናል?

ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ከምዕራብ አፍሪካ አገራት የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ፣ ከኢኮዋስ፣ በይፋ ወጡ። ሦስቱም የባሕር በር የሌላቸው፣ በከብትና በበግ የታወቁ አገራት ናቸው። እንስሳቶቻቸው ገበያ የሚያገኙት ወደ ደቡብ ወርደው በጋና፣ በኮትዲቯርና በናይጄሪያ ነው። ዜናው ከተሰማ ወዲህ በናይሮቢ በእንስሳት ንግድ የተሰማሩ ወገኖች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አካባቢ ቢመጣ ሞያሌ ላይ፣ ናማንጋ ላይ፣ ቡሲያ ላይ ምን ይገጥመናል?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቀረጥ ነው። ቀረጥ ከባድ ነገር መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ከመጫናችሁ በፊት ታውቁታላችሁ፣ በዋጋ ላይ ትጨምሩታላችሁ፣ ካላዋጣም ትተዉታላችሁ። በእንስሳትና በምግብ ንግድ ነጋዴን የሚያከስረው ሌላ ነው። ትናንት ኬላው ላይ በአንድ ማኅተም ያለፈ የጤና ሰርተፍኬት ዛሬ «ይህን አናውቀውም» የተባለ ዕለት ከብቱ መኪና ላይ ይቆማል፤ መቼ እንደሚለቀቅም የሚነግራችሁ የለም። ይህ ጽሑፍ የሚያየው ይህንኑ ነው፤ የአገራት ኅብረት ሲፈርስ የእንስሳት ሐኪሙ ፊርማ ምን እንደሚሆን፣ ነጋዴውስ ፊርማው ዋጋ እንዳያጣ ምን ማድረግ እንደሚችል።

ናይሮቢ ያየችው መፍረስ

ነገሩ ለናይሮቢ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 ካምፓላ ላይ በተፈረመ ስምምነት ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ የመጀመሪያውን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አቋቋሙ። ባቡሩ፣ ወደቡ፣ ፖስታውና አየር መንገዱ የጋራ ነበር። ለእንስሳት ንግድ ግን ከእነዚህ የማይተናነስ ሌላ የጋራ ሀብት ነበራቸው፤ የምርምር ተቋማቱ።

ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ሙጉጋ በሚባለው ስፍራ የምሥራቅ አፍሪካ የእንስሳት ሕክምና ምርምር ድርጅት ነበር። የከብት ደስታ በሽታን በኋላ ከምድር ለማጥፋት ያስቻለውን ክትባት ዋልተር ፕላውራይትና ባልደረቦቹ የሠሩት እዚያ ነው። የገንዲ በሽታ ምርምር ኡጋንዳ ውስጥ ቶሮሮ ላይ ነበር። የፀረ ተባይ መድኃኒቶች ምርምር ደግሞ ታንዛንያ ውስጥ አሩሻ ላይ ነበር። አንዱ አገር ለሌላው ይሠራል፤ አንዱ ላቦራቶሪ ያወጣውን ውጤት ሦስቱም ያምኑታል።

ከዚያ ፖለቲካው መጣ። ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ. በ1971 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ጁሊየስ ኔሬሬ ከእርሱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም አሉ። በናይሮቢና በዳሬሰላም መካከልም የኢኮኖሚ መንገድ ልዩነቱና «የጥቅሙን ድርሻ ማን ወሰደ» የሚለው ክርክር ሰፋ። በ1977 መጀመሪያ የጋራው አየር መንገድ ቆመ፣ ኬንያ የራሷን አቋቋመች፤ በፌብሩዋሪ ወር ታንዛንያ ከኬንያ ጋር የሚያዋስናትን ድንበር ዘጋች። በዚያው ዓመት አጋማሽ የማኅበረሰቡ በጀት ሳይጸድቅ ቀረና ኅብረቱ አበቃ። ድንበሩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1983 ነው። የንብረቱ ክፍፍልም በስዊሱ ዲፕሎማት በቪክቶር ኡምብሪክት ሸምጋይነት ኬንያ 42 በመቶ፣ ታንዛንያ 32 በመቶ፣ ኡጋንዳ 26 በመቶ እንዲይዙ ተብሎ በ1984 ተፈረመ።

ባቡርና አውሮፕላን በመቶኛ ይከፈላል፤ እምነት ግን እንዲህ አይከፈልም። የሙጉጋው ላቦራቶሪ ለኬንያ ቀረ፣ የቶሮሮው ለኡጋንዳ፣ የአሩሻው ለታንዛንያ። ኬንያ ለገንዲ በሽታ የራሷን ተቋም ከአዲስ ማቋቋም ነበረባት። የጋራ የነበረው ሥራ ሦስት ቦታ ሦስት ጊዜ መሠራት ጀመረ።

በዚህ ሁሉ መሐል ከብቱ አልቆመም። ድንበሩ የሚያልፈው በማሳይ ምድር መካከል ነው፤ ግጦሹ፣ ውኃውና ዘመዱ በሁለቱም ወገን አለ። በኬላው ማለፍ ያልቻለው በጫካ አለፈ፤ «ማጌንዶ» የሚለው የስዋሂሊ ቃል፣ ኮንትሮባንድ ማለት ነው፣ በዚያ ዘመን የየቤቱ ወሬ ሆነ። በጫካ ያለፈ ከብት ሐኪም አያየውም፣ ክትባቱ አይመዘገብም፣ ቢታመምም ከየት እንደመጣ የሚናገር የለም። ድንበሩ ገና ዝግ ሳለ፣ በ1982፣ በሰሜን ታንዛንያ በጎሾች ላይ የደስታ በሽታ ተገኘ። በሽታው የተነሣው ድንበሩ ስለተዘጋ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሆኖም የተዘጋ ድንበር በሽታን እንደማይገታ ያን ጊዜ በግልጽ ታይቷል። የቀነሰው ሐኪሙ የሚያየው ከብት ብቻ ነው።

ሰርተፍኬት ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ነጋዴ የጤና ሰርተፍኬትን እንደ መንገድ ግብር ደረሰኝ ያየዋል፤ ከፍዬ ወሰድኩት፣ አሳይቼ አለፍኩ። በእርግጥ ግን ሰርተፍኬት አንድ መንግሥት ለሌላ መንግሥት የሚሰጠው ቃል ነው። የላኪው አገር ሐኪም «እነዚህ እንስሳት ከዚህ ወረዳ የመጡ ናቸው፣ በዚህ ቀን ተከትበዋል፣ ይህን ያህል ቀን ለይቶ ማቆያ ቆይተዋል፣ የበሽታ ምልክት አላየሁባቸውም» ብሎ ይፈርማል። የተቀባዩ አገር ሐኪም ያንን ፊርማ አምኖ ያሳልፋል።

ፊርማው እንዲታመን ከኋላው አራት ነገሮች መኖር አለባቸው። አንደኛ፣ ፈራሚው በመንግሥት የታወቀ ሐኪም መሆኑ። ሁለተኛ፣ ከብቱ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ምዝገባ። ሦስተኛ፣ ምርመራውን የሠራው ላቦራቶሪ ውጤቱ በሌላው አገር ተቀባይነት ያለው መሆኑ። አራተኛ፣ በሽታ ሲነሣ የላኪው አገር ሳይደብቅ የሚያሳውቅ መሆኑ። የንግድ ኅብረት እነዚህን አራቱን በአንድ ደንብ ያስራቸዋል። ኅብረቱ ሲፈርስ ሐኪሙም፣ ከብቱም፣ ላቦራቶሪውም በቦታቸው አሉ፤ አንድ ያደረጋቸው ደንብ ግን የለም። በማግስቱ ተቀባዩ አገር እያንዳንዱን ነገር ከመጀመሪያው ልጠይቅ ይላል።

በምዕራብ አፍሪካ ይህ ጉዳይ የራሱ ወረቀት አለው። ኢኮዋስ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ውሳኔ ከብቱን እየነዳ ድንበር የሚሻገር አርብቶ አደር ዓለም አቀፍ የዝውውር ሰርተፍኬት እንዲይዝ ደነገገ። በዚያ ወረቀት ላይ የመንጋው ብዛት፣ የተሰጠው ክትባትና የሚሄድበት መንገድ ይጻፋል። ሦስቱ አገራት ሲወጡ ኢኮዋስ እስከ ሌላ ማስታወቂያ ድረስ የአገራቱ ዕቃዎች በንግድ ነጻነት ሥርዓቱ እንደ በፊቱ እንዲስተናገዱ አባላቱን ጠየቀ፤ አስተዋይነት ነው። ሦስቱ አገራት በበኩላቸው በማርች 2025 ከጥምረታቸው ውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ 0.5 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። ግማሽ በመቶ ነጋዴን አያስቆምም። «እስከ ሌላ ማስታወቂያ ድረስ» የሚለው ሐረግ ግን ነጋዴ በእምነት ብድር እንዳይበደርበት ያደርጋል፤ ማስታወቂያው የሚወጣበትን ቀን አያውቅምና።

የመቆም ዋጋ

ነገሩን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተመረጡ ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ገበያ ዋጋ ቀይራችሁ አስሉት።

አንድ ነጋዴ 20 ሰንጋ ጫነ እንበል። እያንዳንዱ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ በድምሩ 6,000 ኪሎ። የቁም ዋጋው በኪሎ 250 የኬንያ ሽልንግ ቢሆን አንዱ ሰንጋ 75,000 ሽልንግ ያወጣል። አሁን ኬላው ላይ ቆመ። በሙቀት፣ በጥማትና በድንጋጤ ከብቱ በቀን አንድ በመቶ ክብደት ቢያጣ 60 ኪሎ ጠፋ ማለት ነው፤ 15,000 ሽልንግ። ለድርቆሽ፣ ለውኃና ለጠባቂ በራስ 200 ሽልንግ ብንል 4,000 ሽልንግ። መኪናው በመቆሙ የሚጠየቀው ኪራይ 15,000 ሽልንግ ቢሆን የአንድ ቀን መቆም 34,000 ሽልንግ ወሰደ። ሦስት ቀን ቢቆም 102,000 ሽልንግ፤ በራስ 5,100 ሽልንግ። ይህ ከሰንጋው ዋጋ ወደ 7 በመቶ ይጠጋል።

ከአንድ ሰንጋ 5,000 ሽልንግ ለማትረፍ የተነሣ ሰው በሦስት ቀን መቆም ትርፉ አለቀ፤ መቶ ሽልንግም ከኪሱ ጨመረ። ገና የሞተ ከብት አልቆጠርንም፤ የብድር ወለድም አልቆጠርንም። ቄራው የቀጠረው ቀን ማለፉም አልገባበትም።

ከዚህ ስሌት የምንይዘው ቀላል ነው። የ7 በመቶ ቀረጥና የሦስት ቀን መቆም በወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ በገበያ ግን አይተካከሉም። ቀረጡን ሁሉም ነጋዴ እኩል ይከፍለዋል፣ የገበያው ዋጋም ከእርሱ ጋር ይስተካከላል። መቆም ግን በአንዱ ላይ ይወርዳል፣ በሌላው ላይ አይወርድም። ወረቀቱ ያልተሟላ ሰው ሲቆም የተሟላለት ቀድሞት ገበያ ይገባል። ትልቅ ካፒታል ያለው አንድ መኪና ቢቆምበት ይችለዋል፤ አንዲት መኪና ብቻ ያለው ትንሽ ነጋዴ ከንግዱ ይወጣል።

ከእንግሊዝ የምንማረው

በቅርብ ዓመታት ከትልቅ የንግድ ኅብረት መውጣት በእንስሳትና በምግብ ንግድ ላይ ምን እንደሚያመጣ በግልጽ የታየው በብሪታንያ ነው። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ገበያ የወጣችው በጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ነው። በነጻ ንግድ ስምምነቱ ምክንያት በአብዛኛው ዕቃ ላይ ቀረጥ አልተጣለም። ሥጋው፣ ወተቱና ዓሣው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ አውሮፓ ለመግባት ሐኪም የፈረመበት የጤና ሰርተፍኬት ይጠየቅ ጀመር። በአንድ መኪና ላይ የብዙ ላኪዎች ዕቃ ተቀላቅሎ ሲጫን የአንዱ ወረቀት ስሕተት መላውን መኪና ያስቆማል። ቀረጡ ዜሮ ሆኖ ሳለ ትንንሽ ላኪዎች ወደ አውሮፓ መላክ ያቆሙት በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላው ወገን ብሪታንያ ራሷ ከአውሮፓ በሚገባው ምግብ ላይ ልታደርግ የነበረውን ቁጥጥር ደጋግማ አራዘመችው፤ የምግብ ዋጋ እንዳይወደድ ፈርታ። የጤና ሰርተፍኬት መጠየቅ የጀመረችው በጃንዋሪ 31 ቀን 2024፣ በአካል መፈተሽ የጀመረችው ደግሞ በኤፕሪል 30 ቀን 2024 ነው። በዶቨርና በባሕር ሥር ዋሻው በኩል ለሚገባ ጭነት እስከ 145 ፓውንድ የሚደርስ ክፍያ ተጨመረ። በሜይ 19 ቀን 2025 ደግሞ ሁለቱ ወገኖች የእንስሳትና የዕፅዋት ጤና ደንባቸውን እንደገና ለማገናኘት ሊደራደሩ ተስማሙ። ከወጡ በኋላ መጀመሪያ ሊጠግኑት ከተነሡት ነገር አንዱ ይኸው የሐኪም ፊርማ ጉዳይ ሆነ።

ለናይሮቢም ነገሩ ሩቅ አልነበረም። ኬንያ ከብሪታንያ ጋር የነበራት የንግድ መብት በአውሮፓ ኅብረት በኩል ስለነበር በዲሴምበር 2020 የራሷን ስምምነት መፈረም ነበረባት፤ ባትፈርም ኖሮ አበባውና ፎሶሊያው ከዓመቱ መባቻ ጀምሮ ቀረጥ ይጠብቀው ነበር። አንድ ኅብረት ሲፈርስ በሦስተኛ ወገን የተንጠለጠለ ነጋዴም አብሮ ይናወጣል።

ቁጥጥሩ ጠላት አይደለም

እዚህ ላይ ለአንባቢ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። ነጋዴ ኬላ ላይ ሲቆም ቁጥጥሩን ሁሉ እንደ ጠላት ያያል። የእኛ ታሪክ ግን የሚናገረው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ገደማ በምጽዋ በኩል ከገባ ከብት ጋር የመጣው ደስታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኢትዮጵያን ከብት አብዛኛውን ፈጀው። በሬ አልቆ የሚያርስ ጠፋ፤ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የጠሩት ረኀብ ተከተለ። በሽታው ከዚያ ወደ ደቡብ ወርዶ በኬንያ የማሳይን ከብት ጨረሰ። በዚያ ወደብ የሚያቆም ሐኪም አልነበረም።

አውሮፓም የተማረው በዚያው በሽታ ነው። በ1920 ከህንድ ወደ ብራዚል የሚሄዱ ከብቶች በቤልጅየም አንትወርፕ ወደብ ሲያልፉ ደስታ ቀረ። ዛሬ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የምንለው ተቋም በ1924 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው በዚያ ድንጋጤ ነው። በ2001 ብሪታንያ ውስጥ አፍተ ግር ገብቶ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታርደው ተቃጠሉ፣ ተቀበሩም። በጃንዋሪ 2025 ጀርመን ውስጥ አፍተ ግር ሲገኝም ብሪታንያ ወዲያው ከዚያ የሚመጣ ከብት፣ ሥጋና ወተት አገደች።

በእኛም ሰፈር በ2006 መጨረሻና በ2007 መጀመሪያ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሲነሣ 684 ሰው ታሞ 155 ሰው እንደሞተ ተመዝግቧል። ገበያዎች ተዘጉ፣ እርድ ተከለከለ። ከዚያ ቀደም በ2000 በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ይኸው በሽታ ሲታይ ከአፍሪካ ቀንድ የሚላክ የቁም እንስሳት ታገደ፤ ለሶማሊያ እገዳው የተነሣው በ2009 ነው። በዘጠኙ ዓመት ውስጥ ስንት ነጋዴ ከሥራ እንደወጣ የበርበራና የቦሳሶ ሰዎች ይንገሩን። ቁጥጥር የሌለበት ንግድ ለጊዜው ፈጣን ነው፤ አንድ በሽታ ሲነሣ ግን በሩ ለዓመታት ይዘጋል።

አባል መሆን ብቻውን አያድንም

በኅብረት ውስጥ ያለ ነጋዴም ተዝናንቶ መተኛት የለበትም። አዲሱ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ስምምነቱ በ1999 ተፈርሞ፣ በ2005 የጉምሩክ ኅብረት፣ በ2010 የጋራ ገበያ ሆነ። ሆኖም በ2017 ታንዛንያ ከኬንያ ለግጦሽ የተሻገሩ ከ1,300 በላይ ከብቶችን ይዛ በጨረታ ሸጠች፤ በዚያው ሰሞን ናማንጋ ላይ ከኬንያ የገቡ ወደ 6,400 የሚጠጉ ጫጩቶች የወፍ ጉንፋን ያመጣሉ በሚል ተቃጠሉ። ሁለቱም አገራት የአንድ ጉምሩክ ኅብረት አባላት ነበሩ።

በማርች 2021 ደግሞ ኬንያ ከኡጋንዳና ከታንዛንያ የሚመጣ በቆሎ አፍላቶክሲን በዝቶበታል ብላ አገደች። እገዳው በቀናት ውስጥ ተነሣ፤ በምትኩ አስመጪው እንዲመዘገብ፣ ጭነቱም አፍላቶክሲኑ ከ10 ፒፒቢ በታች መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ እንዲይዝ ተደነገገ።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች አንድ ላይ እዩአቸው። ኅብረት እገዳን አያስቀርም። የሚሰጠው ጥቅም እገዳ ሲመጣ የሚሟገቱበት ቦታ መኖሩ ነው። የበቆሎው እገዳ ወደ ወረቀት ጥያቄ ተቀየረ፤ ወረቀቱን የያዘ አለፈ። የጫጩቶቹና የከብቶቹ ባለቤቶች ግን የሚያሳዩት ወረቀት ስላልነበራቸው በአባልነት ብቻ ሊድኑ አልቻሉም።

ሞያሌ፦ ከኅብረት ውጭ የቆመ ንግድ

የአብዛኛው አንባቢያችን መንገድ ግን በሞያሌ ነው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ ከዱብሉቅና ከሐሮ ባኬ ገበያ የተነሣ የቦረና ከብት ናይሮቢ የሚደርስበት ጊዜ አጥሯል። ኪያማይኮ ላይ የሚታረደው ፍየል ስንቱ የሰሜን እንደሆነ የሰፈሩ ሰዎች ያውቁታል። በዲሴምበር 2020 የሁለቱ አገራት መሪዎች የሞያሌን የጋራ የድንበር ኬላ መርቀዋል፤ ሐሳቡ ጉምሩኩ፣ ኢሚግሬሽኑና የእንስሳት ሐኪሙ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው መንገደኛውን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያቆሙት ነው።

ነገር ግን ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም። የኮሜሳ አባል ብትሆንም ኬንያ በ2000 ከጀማሪዎቹ ጋር ወደ ኮሜሳ ነጻ የንግድ ቀጠና ስትገባ ኢትዮጵያ አልገባችም። ስለዚህ የሞያሌ ነጋዴ ከድሮም ቢሆን ከጉምሩክ ኅብረት ውጭ ነው የሚሠራው። ሌሎች «ከኅብረት ብንወጣ» ብለው የሚፈሩትን እኛ እንኖርበታለን።

ይህም ሆኖ መተማመን በኅብረት ብቻ እንደማይመጣ የሚያሳይ የራሳችን ምስክር አለ፤ ይኸውም የደስታ መጥፋት ነው። ኅብረቶች ሲፈርሱና ድንበር ሲዘጋ ሳለ የየአገሩ ሐኪሞች በናይሮቢ በተቀመጠው የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ቢሮ በኩል አብረው መሥራታቸውን አላቆሙም። ሙቀት የሚችለውን ክትባት በአፋር በረሃ ይዘው የገቡት ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ልጆች ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ደስታ የታየው በ1995፣ በዓለም ደግሞ የመጨረሻው በ2001 በኬንያ ሜሩ ብሔራዊ ፓርክ በጎሾች ላይ ነው። በ2011 በሽታው ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ያ ሥራ የተሠራው በክትባት መዝገብ፣ በደም ናሙናና በሽታን ባለመደበቅ ነው። ሁሉም ዛሬ በሰርተፍኬት ላይ የምንጠየቃቸው ነገሮች ናቸው።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

ኅብረት የሚገነባውም የሚፈርሰውም በመሪዎች ነው። ፊርማው እንዲታመን የሚያደርገው ሥራ ግን ብዙው በነጋዴው እጅ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የተቀባዩን አገር ፈቃድ ጠይቁ። ወደ ኬንያ ለማስገባት የእንስሳት ሕክምና አገልግሎት ዳይሬክቶሬት በሚሰጠው የማስገቢያ ፈቃድ ላይ የትኛው ክትባት፣ የትኛው ምርመራ፣ ስንት ቀን ለይቶ ማቆያ እንደሚፈለግ ይጻፋል። በኢትዮጵያ በኩል የሚሰጠው ሰርተፍኬት ለእነዚያ ጥያቄዎች አንድ በአንድ መልስ መሆን አለበት። ከብቱን ገዝቶ ወረቀት መፈለግ መንገዱን ከመጨረሻው መጀመር ነው።

መንጋ አትቀላቅሉ። ከሦስት ገበያ የተሰበሰበ ከብት ሦስት ታሪክ አለው። ሐኪሙ ካየው በኋላ አንድ ወይፈን እንኳ ከውጭ ከጨመራችሁበት የሰርተፍኬቱ ቃል ሐሰት ሆነ፤ አንዱ ታሞ ቢገኝ ሃያውም ይቆማል።

የክትባት ቀን ቁጠሩ። ትናንት የተከተበ ከብት ዛሬ አልተጠበቀም፤ ለአብዛኛው ክትባት ሁለት ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት ለዓመታት ይቆያል፤ የአፍተ ግሩ በወራት ይደክማል፤ የሳንባው በየዓመቱ ይደገማል። ቀኑን፣ የክትባቱን ዓይነትና የከታቢውን ስም ደብተር ላይ ያልጻፈ ነጋዴ ኬላው ላይ የሚናገረው ነገር አይኖረውም።

ቁጥሩ ይግጠም። በሰርተፍኬቱ ላይ 20 ተጽፎ መኪናው ላይ 21 ካለ፣ ወይም ቀለሙ፣ ጾታው፣ ምልክቱ ካልተመሳሰለ ያ ወረቀት ለተቆጣጣሪው ማቆሚያ ምክንያት ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ሹፌሩን ይዛችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ። የሰነዱን ቅጂ በስልክ አንሡ፤ ዋናው ቢጠፋ ማስረጃ ይሆናል።

የመቆሙን ዋጋ ከገዥው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ኬላው ላይ ሦስት ቀን ቢቆም ክብደቱን ማን ይሸከማል? ዋጋው የሚቆረጠው በጭነት ጊዜ ሚዛን ነው ወይስ በቄራው በር? ይህ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። ብዙ የነጋዴ ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው።

የታመመ አትደብቁ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ብድር ያለበት ሰው የታመመ ፍየል ደብቆ ማሳለፍ ይቀለዋል። አንድ ነጋዴ የደበቀው በሽታ ግን የመላውን ወረዳ ሰርተፍኬት ዋጋ ያሳጣል። ማኅበር ያላችሁ በማኅበራችሁ ሕግ አስቀምጡት፤ በሽታ ያሳወቀ አባል በመቆሙ የደረሰበትን ኪሳራ ማኅበሩ ከመዋጮው ይጋራው። ሪፖርት ማድረግ ብቻውን የሚያስከስር ከሆነ ማንም አያደርገውም፤ ኪሳራው ከተጋራ ግን ሰው እውነቱን ይናገራል።

በመጨረሻ ድምፃችሁን አሰሙ። የኢጋድ አገራት ሚኒስትሮች በ2020 የከብት ዝውውር ፕሮቶኮል አጽድቀዋል፤ የኢጋድ የአርብቶ አደር አካባቢዎችና የእንስሳት ሀብት ልማት ማዕከልም መቀመጫው እዚሁ ናይሮቢ ነው። ፕሮቶኮሉ ኬላ ላይ የሚሠራ ወረቀት እንዲሆን የሞያሌ ነጋዴ የሚጠይቀው ግልጽ ነገር መኖር አለበት። ሁለቱ አገራት አንድ ዓይነት የሰርተፍኬት ቅጽ ይጠቀሙ፤ የአንዱን ላቦራቶሪ ውጤት ሌላው ይቀበል፤ በሽታ ሲነሣ የሚታገደው ያለበት ወረዳ ብቻ ይሁን እንጂ ድንበሩ በሙሉ አይዘጋ። ይህ የመጨረሻው ዓለም የተቀበለው አሠራር ነው፤ ጠያቂ ካጣ ግን ማንም ሞያሌ ድረስ አያመጣውም።

የ1977ቱ ድንበር ሲዘጋ ነጋዴው ያልተጠየቀበትን ውሳኔ ዋጋ ለስድስት ዓመት ከፍሏል። የሚቀጥለው የመሪዎች ጠብ መቼና የት እንደሚነሣ አናውቅም። ያን ቀን የሚያልፈው መዝገቡ የተሟላ፣ ሐኪሙ የሚታወቅ፣ ወረዳው በሐቀኝነቱ የተመሰከረለት ከብት ነው። ያንን መዝገብ ድንበሩ ክፍት ሳለ ዛሬ መጀመር ይቻላል።